በካምፐር ወደ ቫራንገር፦ ዐሥራ ሁለት ቀን ለየትኛው ይበቃል?

የመክፈቻ ጽሑፍ

ጤና ይስጥልኝ። በጁላይ መጀመሪያ ከአባቴ ጋር ካምፐር ተከራይተን፣ ማለትም አልጋም ምድጃም መጸዳጃም በውስጡ ያለውን፣ ኖርዌጂያኖች ቦቢል የሚሉትን መኪና ይዘን፣ ከትሮምሶ ተነሥተን የሰሜን ኖርዌይን ጠረፍ ልንከተል አስበናል። ያለን ጊዜ ዐሥራ ሁለት ቀን ነው። አባቴ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ጉልበታቸው አቀበት አይችልም፤ ወፍ ለማየት ግን ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ላይ ቢቀመጡ አይሰለቻቸውም። ያወጣሁት መንገድ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ሴንያ ደሴት፤ ከዚያ በበጋ ብቻ በሚሠራው መኪና ጫኝ ጀልባ ወደ አንደኔስ ተሻግሮ ዓሣ ነባሪ ማየት፤ ተመልሶ በአልታ በኩል ኖርድካፕ የሚባለው የባሕር ገደል፤ ከዚያ በስተ ምሥራቅ ቫራንገር በሚባለው ልሳነ ምድር እስከ ቫርዶ ከተማ፣ ከቫርዶም ባሕሩን ይዞ እስከ ሐምኒንግበርግ፤ በመጨረሻ ወደ ትሮምሶ መመለስ። ብዙ ቦታ በደረስን ቁጥር ብዙ እንስሳ እናያለን ብዬ አምናለሁ። ይህ ዕቅድ ይሆናል ወይ? የማይሆን ከሆነስ የቱን ልተው?

ከዚህ ጥያቄ ሥር የተጻፈው የመልስ ክር ካሰብሁት በላይ ረዘመ። በኋላ የሚመጣ ሰው ከጫፍ እስከ ጫፍ እንዳይለቅም፣ የመጡትን መልሶች በቁጥራቸው ይዤ በራሴ አነጋገር አስቀምጣቸዋለሁ።

መልስ 1። የጀመሩት ቫድሶ ከተማ የሚኖሩ አንዲት እናት ናቸው። ለአባቴ ሰላምታ ካቀረቡ በኋላ ከእኔ ጥያቄ በፊት የእሳቸውን ጥያቄ አስቀደሙ፦ አባትህ መኪና ውስጥ ስንት ሰዓት ሳይቸገሩ መቀመጥ ይችላሉ? ያወጣሁት መንገድ ከሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ እንደሚሄድ፣ ከከተማ ውጭ የተለመደው ፍጥነት በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ቢሆንም በፊዮርዱ ዳር ጠመዝማዛ ላይ ካምፐር ያን ያህል እንደማይነዳ አስረዱኝ። ፊዮርድ ማለት ቀጥታ የማይታለፍ የባሕር ክንድ ነው፤ ማዶው ያለው መንደር በዐይን አጠገብ ሆኖ በመንገድ ግን የአንድ ሰዓት ዙሪያ ይሆናል። ምክራቸው አንድ ነበር፦ ምሥራቁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

መልስ 2። አንድ ወጣት የእናቲቱን ሐሳብ ከራሱ ታሪክ ደገፈ። ከሎፎተን እስከ ኖርድካፕ በዘጠኝ ቀን ጨርሶታል። የቀረለት ትዝታ የመኪናው የፊት መስታወት፣ የነዳጅ ማደያና ለፎቶግራፍ የቆመባቸው የመንገድ ምልክቶች ናቸው። አንድም ቦታ ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ አልቆመም። የተቆጨው በገንዘቡ አይደለም፤ ባሕሩ ላይ አንዴ ጥቁር ክንፍ ያየ መስሎት ሳይቆም በማለፉ ነው።

መልስ 3። ይህኛው አልተስማማም። እዚያ ድረስ ሄዶ ኖርድካፕን አለማየት ከሠርግ ቤት ሳይበሉ እንደመመለስ ነው አለ። 71 ዲግሪ ከ10 ደቂቃ ሰሜን፣ ከባሕሩ ወለል 307 ሜትር ከፍ ያለ ገደል፣ የአውሮፓ የመጨረሻ ጫፍ ሲል አወደሰው።

መልስ 4። ወዲያው እርማት መጣ። በእግር ብቻ የሚደረስበት አጎራባቹ ክኒቭሼሎደን የሚባለው ምድር ከኖርድካፕ ገደል በትንሹም ቢሆን ወደ ሰሜን ያልፋል። ጸሐፊው ጨዋ ነበር፤ ካርታውን አይቶ ማረጋገጥ እንደሚቻል ብቻ ጠቆመ።

መልስ 5 እና 6። ቁጥር 5 ወደ ክኒቭሼሎደን የሚወስደው የእግር መንገድ አንድ ጉዞው ብቻ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ያህል መሆኑን አስታውሶ፣ ጉልበታቸውን ለሚያማቸው ሰው ይህ ክርክር ምን ይጠቅማል ሲል ጠየቀ። ትክክል ነበር። ቁጥር 3 በቁጥር 6 ተመልሶ መጣና ቅር እንዳለው ሳይሸሽግ፣ እሱ ያወራው ስለ ዲግሪ ሳይሆን ከሜይ አጋማሽ እስከ ጁላይ መጨረሻ ስለማትጠልቀው የእኩለ ሌሊት ፀሐይ እንደሆነ ጻፈ። ፀሐይዋ በቫርዶም አትጠልቅም፤ ይህን ግን በዚያች ሰዓት ማንም አላነሣበትም።

መልስ 7። ለእኔ ከሁሉ የጠቀመኝ ይህ ነው። ጸሐፊው ብዙ ዓመት ከባድ መኪና የነዱ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። እንስሳውን ትተው ስለ ክብደት ጻፉ። በተራ መንጃ ፈቃድ የሚነዳው ካምፐር ከነጭነቱ ከ3,500 ኪሎ ግራም ማለፍ የለበትም። ባዶው መኪና ራሱ ወደዚያ ስለሚጠጋ የሚተርፈው ጥቂት ነው። መቶ ሊትር ውኃ መቶ ኪሎ ነው። ሁለት ሰው፣ የሞላ ነዳጅ፣ የጋዝ ሲሊንደር፣ ወንበርና ጠረጴዛ፣ ምግብና ልብስ ሲደመር ሚዛኑ ሳይታወቅ ያልፋል። ተቆጣጣሪዎች መንገድ ዳር አስቁመው ይመዝናሉ፤ ከልክ ያለፈ ጭነት ያስቀጣል፣ ቁልቁለት ላይም ፍሬን ያግላል። ስለዚህ ውኃውን ሙሉ በሙሉ አትሙላ፣ በየካምፑ ጨምር አሉኝ። ቀጥለውም ወደ ኖርድካፕ ስለሚያስገባው ከባሕር በታች ስለሚያልፍ ዋሻ ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ1999 የተከፈተ፣ ወደ 6.9 ኪሎ ሜትር የሚረዝም፣ ከባሕር ወለል በታች እስከ 212 ሜትር የሚወርድ ነው። እዚያ ሲወረድ እግርን ፍሬን ላይ ጭኖ መቆየት ሳይሆን ማርሹን አሳንሶ ሞተሩ እንዲይዝ ማድረግ ነው። በነፋስ ቀን ደግሞ ካምፐር እንደ ሸራ መሆኑን፣ ድልድይ ላይ ከወጡ በኋላ ሳይሆን ከመውጣት በፊት ፍጥነት መቀነስ እንደሚገባ ጨመሩ።

መልስ 8። አንዲት እህት የሽማግሌውን ጽሑፍ አመስግና ሁለት ነገር አከለች። የጋዝ ሲሊንደር መግጠሚያ ከአገር አገር ይለያያል፤ ከሌላ አገር በሚመጣ መኪና ሲሊንደሩ መንገድ ላይ ካለቀ ለመተካት ያስቸግራል። የመጸዳጃው ሳጥን ደግሞ ለዚሁ በተሠራ ማስወገጃ ብቻ ይደፋል። ወንዝ ዳር የደፋ ሰው በዐይኗ አይታ እንደነበር ስትጽፍ ቁጣዋ ከፊደሉ ይሰማ ነበር፤ እኔም ከእሷ ጋር ነኝ። ያ ወንዝ ውስጥ ሳልመን አለ።

መልስ 9 እና 10። እዚህ ላይ ድምፁ ተቀየረ። ቁጥር 9 ኖርዌይ ውስጥ ለካምፕ መክፈል ሞኝነት ነው፣ አለማንስረተን የሚባል የሁሉም ሰው መብት ስላለ መኪናን የትም አቁሞ ማደር ይቻላል ሲል ጻፈ። ቁጥር 10 በኃይለ ቃል መለሰለት። ሕጉ የ1957 ነው፤ መብቱን የሰጠው ለእግረኛ እንጂ ለሞተር አይደለም። ድንኳን እንኳ ሰው ከሚኖርበት ቤት 150 ሜትር መራቅ አለበት፣ ያለ ባለቤቱ ፈቃድም አንድ ቦታ ከሁለት ሌሊት በላይ አይቆይም። መኪናን ከመንገድ አውጥቶ ሣርና ሜዳ ላይ መንዳት ደግሞ በ1977 በወጣ ሌላ ሕግ የተከለከለ ነው። እስከዚህ መልካም ነበር። ቀጥሎ ግን ቁጥር 9ን በግል ሰደበው፤ ያ አላስፈለገም።

መልስ 11። የቫድሶዋ እናት ገላገሏቸው። የቁጥር 10 ሕግ ትክክል መሆኑን አረጋግጠው፣ በቤታቸው ፊት ያለውን ሣር የአንድ ካምፐር ጎማ እንዴት እንዳረሰው ተረኩ። በዚያ ብርድ የተገላበጠ ሣር ተመልሶ ለመብቀል ዓመታት ይፈጅበታል። ቁጥር 9 ከዚያ በኋላ አልጻፈም።

መልስ 12 እስከ 14። ወደ እንስሳቱ ተመለስን። አንዱ በጁላይ ሸርቮይ ወደምትባል ደሴት ሄደን ኦርካ የሚባለውን ዓሣ ነባሪ እንድናይ መከረ። ሌላው አረመው፦ ኦርካም ሐምፕባክ የሚባለው ሌላው ዓሣ ነባሪም ወደዚያ የሚመጡት ሄሪንግ ዓሣን ተከትለው ነው፣ ጊዜያቸውም ከኖቬምበር እስከ ጃንዋሪ ያለው ጨለማ ወራት ነው። ቁጥር 14 ከአንደኔስ ስለሚታየው ስፐርም ዓሣ ነባሪ ያብራራው ግን አንጀት አርስ ነበር። የባሕሩ ወለል እዚያ ከጠረፉ ብዙ ሳይርቅ በድንገት ወደ ጥልቅ ሸለቆ ስለሚወርድ፣ ሌላ ቦታ ውቅያኖስ መሐል የሚፈለገው እንስሳ እዚያ በአጭር የጀልባ ጉዞ ይገኛል። የሚመጡት ወንዶቹ ብቻ ናቸው፤ ሴቶቹና ግልገሎቹ ሞቃት ባሕር ላይ ይቀራሉ። አንዱ ሲጠልቅ አርባ ደቂቃና ከዚያ በላይ ሊቆይ ስለሚችል፣ ጀልባው ላይ ያለው ሰው ትዕግሥት ይኑረው አለ። ይህን ሳነብ አንደኔስን ለመተው ልቤ እንቢ ብሎ ነበር።

መልስ 15። አንድ ሰው መንገድ ላይ ሬንዲር የሚባለው የሰሜን አጋዘን እንደሚበዛ፣ እሱ ከመኪና ወርዶ ከእናቷ ጋር የነበረችን ግልገል እየተከተለ ጥሩ ቪዲዮ እንደቀረጸ በደስታ ነገረን።

መልስ 16። የመጣው መልስ እንደ ጅራፍ ነበር። ጸሐፊው የሰሜኑ ነባር ሕዝብ ከሆኑት ከሳሚዎች፣ ከሬንዲር አርቢ ቤተሰብ የተጋባ ሰው ነው። በፊንማርክ፣ ማለትም አልታም ቫርዶም ባሉበት የሰሜን ጫፍ ክፍለ ሀገር፣ መንገድ ላይ የሚታየው ሬንዲር የዱር አውሬ ሳይሆን የሰው ሀብት ነው፤ እያንዳንዱ ጆሮው ላይ የባለቤቱ ምልክት ተቆርጦበታል። በበጋ ወደ ጠረፉ የሚወርዱት ሊወፍሩ ነው፤ በዚያ ጊዜ የተባረረች እናት ክረምቱን የምታልፍበትን ስብ ታጣለች፣ ከግልገሏም ልትለያይ ትችላለች። የሌላ ሰው ከብት በረት ገብተህ ላም ታባርራለህ ወይ ሲል ጠየቀው። ቃሉ ይቆረቁራል፤ ግን አንድም ሐሰት የለበትም።

መልስ 17 እና 18። ቁጥር 15 ይቅርታ ጠየቀ፣ ቪዲዮውንም አጠፋው። ከልቡ እንደሆነ ከአጻጻፉ ይታወቅ ነበር። ቁጥር 18 በዚያው ላይ ተመርኩዞ የራሱን አደጋ ተረከ። በሞቃት ቀን ሬንዲሮች ከዝንብና ከፀሐይ ሸሽተው ዋሻ ውስጥ ይቆማሉ፤ እሱ ከብርሃን ወደ ጨለማ ሲገባ ዐይኑ እስኪለምድ አንዱን ገጨው። እንስሳው እግሩ ተሰብሮ ሸሸ። በ02800 ለፖሊስ ደውሎ ቦታውን ነገራቸው፤ ይህ ግዴታ ነው፣ የቆሰለው እንስሳ ተፈልጎ ከሥቃዩ የሚገላገለው በዚህ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ዋሻ ሲገባ ፍጥነቱን በግማሽ ይቀንሳል።

መልስ 19 እስከ 21። ወሬው ከመንገዱ ወጣ። አንዱ በቫራንገር ፊዮርድ ስለሚጠመደው ንጉሥ ሸርጣን ጠየቀ፤ ሌላው በ1960ዎቹ የሶቪየት ሳይንቲስቶች ከሩቅ ምሥራቅ አምጥተው ባሬንትስ ባሕር ውስጥ እንደለቀቁት፣ ከዚያ ራሱ ወደ ኖርዌይ እንደተሻገረ መለሰ። ለዓሣ አጥማጁ ገቢ፣ ለባሕሩ ወለል ግን ጥፋት ነው በሚለው ጥቂት ተከራከሩ። ቁጥር 21 ደግሞ ቫርዶ የሚደርስ ሰው ስቴይልኔሰትን ሳያይ እንዳይመለስ ለመነ። በ1600ዎቹ በጥንቆላ ተከሰው በፊንማርክ ለተገደሉ 91 ሰዎች በ2011 የተመረቀ መታሰቢያ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ መስኮት፣ በመስኮቱም አንድ አምፖል አለ።

መልስ 22። በባሕር ወፎች ቆጠራ ላይ የሠራች ሴት ገባች፤ የክሩ አቅጣጫ የተለወጠው እዚህ ነው። ከቫርዶ ወደብ በአጭር የጀልባ ጉዞ የሚደረስባት ሆርንያ ደሴት የተፈጥሮ ጥብቅ ክልል ናት። በገደሏ ላይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወፎች ይፈለፈላሉ፦ ሎምቪ፣ ኪቲዌክ፣ ባለ ቀለም ምንቃሩ ፓፊን። ገደሉ ከማረፊያው አጠገብ ስለሆነ አቀበት መውጣት አያስፈልግም፤ ወፎቹን ቁጭ ብሎ ማየት ይቻላል። ፓፊኖቹ ኦገስት ሲገባ ባሕሩ ላይ ስለሚበተኑ ጁላይ ጥሩ ነው። ማዕበል ካለ ግን ጀልባው አይሄድም። ቫርዶ ላይ አንድ ቀን ብቻ የመደበ ሰው ዕድሉን ለነፋስ ሰጥቷል፤ ሦስት ወይም አራት ቀን የመደበ ግን ሳያይ የመመለሱ ነገር ጥቂት ነው። ከተሠራው መንገድ መውጣትም ክልክል ነው። ፓፊን የሚፈለፍለው በጉድጓድ ስለሆነ አንድ እርምጃ ጣራውን በጫጩቱ ላይ ይንደዋል። ድሮን ፈጽሞ አይታሰብም።

መልስ 23 እና 24። አንድ የድሮን ባለቤት ተቆጣ፤ የእሱ ድሮን ትንሽ እንደሆነ፣ ወፎቹም እንደማይደነግጡ ጻፈ። ሴትዮዋ አልተቆጣችም። ሎምቪ ጎጆ አይሠራም፤ ዕንቁላሉን በባዶ ድንጋይ ጠርዝ ላይ በእግሩ መሐል ይይዘዋል። ንስር ወይም ንስር የሚመስል ነገር ከላይ ሲያልፍ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይነሣሉ፣ ዕንቁላሉም ከጠርዙ ይንከባለላል። ይህን አስረድታ አንድ ነገር ብቻ አከለች፦ በ2023 በጋ የወፍ ጉንፋን በቫድሶና በቫርዶ ኪቲዌኮችን በሺዎች ሲገድል ሬሳ ከሚሰበስቡት መሐል ነበረች። የቀሩትን ማስደንገጥ ምን ማለት እንደሆነ ከዚያ በላይ ማብራራት አልፈለገችም። ድሮኑ ያለው ሰው መልስ አልሰጠም።

መልስ 25። ይህ የእኔ ነው። አንደኔስንም ኖርድካፕንም መተዌን አስታወቅሁ። በአልታ አልፈን በላክሰልቭና በታና አድርገን በቀጥታ ወደ ቫራንገር፣ እዚያም ስድስት ሌሊት።

መልስ 26 እና 27። ቁጥር 3 ተመልሶ አዘነልኝ፤ በኖርድካፕ ጉዳይ አሁንም ከአቋሙ አልተነቃነቀም፣ ሆኖም ለአባቴ መልካም መንገድ ተመኘ። የከባድ መኪናው ሽማግሌ ደግሞ ወደ ሐምኒንግበርግ የሚወስደው መንገድ ጠባብ ስለሆነ፣ በሰማያዊ ሰሌዳ ላይ ነጭ ኤም ፊደል የተጻፈባቸው ቦታዎች ለመተላለፊያ እንጂ ለማደሪያ እንዳልሆኑ አሳሰቡ።

መልስ 28። ከተመለስን በኋላ የጻፍሁት ነው፤ እንዳለ አስቀምጠዋለሁ።

አልታ ላይ የዓለም ቅርስ የሆኑትን የድንጋይ ላይ ሥዕሎች አየን። አባቴ ከሺህ ዓመታት በፊት የተቀረጹትን ሬንዲሮች እየቆጠሩ ቆዩ። ቫራንገር ስንደርስ ነፋሱ ከሰሜን ይመታ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ጀልባው ተሰረዘ፤ በሁለተኛውም ተሰረዘ። ዐሥራ ሁለቱን ቀን በስድስት ከተማ በትኜ ቢሆን ኖሮ እዚያ ላይ አብቅቶልን ነበር።

በእነዚያ ሁለት ቀናት መኪናችንን ነፋሱ ከኋላ እንዲመታት አዙረን ቆምን። ኔሰቢ ላይ በ1858 ከተሠራችው፣ በ1944 ጀርመኖች ሲያፈገፍጉ ፊንማርክን ሲያቃጥሉ ከተረፈችው ነጭ የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ሥር ኩሬ አለ። እዚያ አንገቷ ቀይ የሆነ፣ ከድንቢጥ ጥቂት የምትበልጥ ወፍ ውኃው ላይ እንደ እንዝርት ትሾር ነበር። በመሾሯ ከሥር ያለው ምግብ ወደ ላይ ይነሣላታል። ቀለሟ የደመቀው ሴቷ ነች፤ ዕንቁላሉን የሚታቀፈው ወንዱ ነው። አባቴ ይህን ሲሰሙ መነጽራቸውን አውርደው አዩኝ፣ ደግመው አነሡት፤ ከዚያ ሁለት ሰዓት አልተነቃነቁም። በማግሥቱ ኤከርይ ድረስ ሄደን የኪቲዌኮቹን ገደል አየን፤ እሱም ከመኪና ብዙ አያስኬድም።

በሦስተኛው ቀን ባሕሩ ተኛ። ከቫድሶ ቫርዶ ገብተን፣ በኖርዌይ የመጀመሪያ የሆነውን ከባሕር በታች የሚያልፍ ዋሻ ተሻግረን፣ በጠዋቱ ጀልባ ሆርንያ ወረድን። መጀመሪያ የሚቀበለው ሽታው ነው፤ ቀጥሎ ድምፁ፣ እንደ ገበያ ጫጫታ የማያቋርጥ። ባለ ነጭ ጅራት ንስር አንዴ በላያችን ሲያልፍ ገደሉ ሁሉ ነቅሎ ተነሣ። የቆጠራዋ ሴት የጻፈችው በዐይናችን ፊት ሆነ።

ከሁሉ የበለጠው የመጨረሻው ጀልባ ሊመጣ ሲል የሆነው ነው። የሎምቪ ጫጩት ሦስት ሳምንት ገደማ ሲሞላው ክንፉ ሳይጠና ከገደሉ ይዘላል። አባትየው ከታች ሆኖ ይጠራዋል፤ ጫጩቱ በቀጭን ድምፅ ይመልሳል፤ ከዚያ ራሱን ይጥላል። ከፊታችን የዘለለው ባሕሩ ላይ አልደረሰም፤ ሣሩ ላይ ወድቆ ነጠረ። ትልቅ ጥቁር ጀርባ ያላት የባሕር ወፍ ከላይ ታንዣብብ ነበር። ጫጩቱ ተነሣና ወደ ውኃው ሮጠ፤ መንገዱ አባቴ በተቀመጡበት ድንጋይ በኩል ነበር። አባቴ እግራቸውን እንኳ አላነሡም። በሁለቱ ጫማቸው መሐል አለፈ። ውኃው ላይ አባትየው ጎኑ ደርሶ ጎን ለጎን ወደ ጥልቁ ዋኙ።

መልስ 29 እስከ 31። የቫድሶዋ እናት አመሰገኑ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ቡና ሳንጠጣ እንዳናልፍ አዘዙ። የቆጠራዋ ሴት ያን ጫጩት አባትየው ገና ብዙ ሳምንት ባሕሩ ላይ እንደሚያሳድገው ጨመረች። ቁጥር 3 ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ቫርዶ ስንት ቀን እንደሚበቃ ጠየቀኝ። አራት አልሁት።

መልስ 32። እናቷን ልትወስድ ያሰበች እህት፣ በከዘራ የሚሄድ ሰው ከጀልባው እንዴት እንደሚወርድና ጫጩቱን ያየነው በስንት ቀን እንደሆነ ጠየቀች። ጁላይ 11 ነበር። አባቴ ከዘራቸውን መጀመሪያ አቀበሉ፤ በአንድ በኩል የጀልባው ሠራተኛ፣ በሌላው እኔ ክንዳቸውን ይዘን ወረዱ። ሠራተኛው ሞገዱ ጀልባውን ከፍ እስኪያደርጋት ጠብቁ አለን፤ ጠበቅን።